አንድ ፓኬት በስንት ሊትር ውሃ? ስለ ሙሙት ጥንካሬና ስለ ስሌቱ

ለፊዚክስ ተማሪ የካራቆሬ ስም በቅድሚያ የሚያስታውሰው የመሬት መንቀጥቀጥን ነው። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ በአቅራቢያው የምትገኘውን የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶችን ጥሏል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደውን አውራ ጎዳናም ሰንጥቋል። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ግን በዚያችው ከተማ ያጋጠመኝ፣ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ የማያውቀው አንድ ትንሽ ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ እመለስ ነበር። ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ሁለት ዓመት የሚሆነው ሕፃን የታቀፈች እናት ተቀምጣለች። ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት ይዞታል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ከጠዋቱ ይልቅ በርትቷል። አውቶቡሱ ካራቆሬ ሲቆም ረዳቱ ወርዶ አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. እና አንድ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የታሸገ ውሃ ይዞ ተመለሰ። እናቲቱ ፓኬቱን ቀዳ ዱቄቱን ወደ ጠርሙሱ ልትጨምር ስትል የፓኬቱን ጀርባ አየሁት። «በአንድ ሊትር ውሃ ይበጥብጡ» ይላል።

«እህቴ፣ ቆይ፤ ውሃው አይበቃም» አልኳት።

«ጋሼ፣ ዋናው መድኃኒቱ አይደለም እንዴ? ውሃው ቢያንስ ምን ችግር አለው?» አለ ረዳቱ።

ከጎኗ የተቀመጡት አንዲት እናት ደግሞ ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ወፈር ያለው ነው የሚበጀው። አጥሚት እንኳ ሲቀጥን ምን ጉልበት አለው?» አሉኝ።

ትክክል እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለምን ትክክል እንዳልሆኑ ባጭሩ ለማስረዳት ቃል አጣሁ። ከአጠገቡ ካለ ሻይ ቤት ንጹሕ ጆግና ሁለተኛ ጠርሙስ ውሃ መጣ፤ ሁለቱ ጠርሙሶች ጆጉ ውስጥ ተገለበጡና ፓኬቱ በሙሉ ተበጠበጠ። ሕፃኑ በማንኪያ ማንኪያ እየተሰጠው ሄደ፤ አጣዬ ላይም እናትና ልጅ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ወረዱ። እኔ ግን እስከ ጣርማበር ዳገት ድረስ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ሳሰላ ቆየሁ። ስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የማያልፍ ነው። ውጤቱ ግን እኔን ራሴን አስገርሞኛልና፣ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢያን ደረጃ በደረጃ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ጥንካሬ ማለት ምን ማለት ነው?

በአንድ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ነገር ሟሚ፣ የሚያሟማው ፈሳሽ አሟሚ፣ ከሁለቱ የሚገኘው አንድ ወጥ ድብልቅ ደግሞ ሙሙት ይባላል። ጨው ሟሚ፣ ውሃ አሟሚ፣ የጨው ውሃ ሙሙት ነው። የአንድ ሙሙት ጥንካሬ የምንለው በተወሰነ የሙሙት መጠን ውስጥ ምን ያህል ሟሚ እንዳለ የሚገልጸውን ቁጥር ነው። በመሆኑም ጥንካሬ ምንጊዜም የሁለት መጠኖች ንጽጽር እንጂ የአንድ ነገር ብዛት አይደለም፤ በክፍልፋይ ቢጻፍ ከላይ ሟሚው፣ ከታች ሙሙቱ ይቀመጣል።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጠጅ ጣዮች «አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ ጥንካሬ ነው። «በረዘ» የሚለው ግስ ራሱ ማርን በውሃ ማቅጠንን የሚያመለክት ነው። ሆኖም በዚህ አነጋገር ውስጥ ተማሪዎችን ዘወትር የሚያሳስት ነገር አለ። አንድ እጅ ለሦስት እጅ ሲባል ጠቅላላው ድብልቅ አራት እጅ ነው፤ ስለዚህ ማሩ የብርዙ አንድ አራተኛ እንጂ አንድ ሦስተኛ አይደለም። «አንድ ለሦስት» እና «ከሦስት አንድ» የተለያዩ ናቸው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚሠሩ ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከታች የሚቀመጠው ቁጥር የአሟሚው ነው ወይስ የሙሙቱ ከሚለው ጥያቄ ነው።

ጥንካሬን በተለያዩ መስፈርቶች መግለጽ ይቻላል። በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ያለውን ሟሚ በግራም መግለጽ አንዱ ነው። በመቶኛ መግለጽም የተለመደ ነው፤ ለምሳሌ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ 5 ግራም ካለ 5 በመቶ ይባላል። ሟሚው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ለምሳሌ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ስላለ ክሎሪን ስንናገር፣ ሚሊግራም በሊትር እንጠቀማለን። ኬሚስቶች ከሁሉ አብልጠው የሚገለገሉበት ግን ሞል የተባለው መስፈርት ነው።

ቅንጣቶችን መቁጠር

ግራም የሚነግረን የሟሚውን መጠነ ቁስ ነው። ውሃ በአንጀት ግድግዳ በኩል ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን የሟሚው መጠነ ቁስ ሳይሆን የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። አንድ ቅንጣት ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ለዚህ ጉዳይ እኩል ድምፅ አለው። ስለሆነም ከግራም ወደ ቅንጣት ብዛት መሻገር ያስፈልገናል። ድልድዩ ሞል ነው። አንድ ሞል ማለት በግምት 6.022 ሲባዛ በ10 ርቢ 23 ቅንጣቶች ማለት ሲሆን፣ የአንድ ሞል መጠነ ቁስ ከአቶሞች ሠንጠረዥ በመደመር ይገኛል። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ 58.5 ግራም፣ ግሉኮስ 180 ግራም ነው። የሞሉ አንድ ሺኛ ሚሊሞል ይባላል።

አሁን ወደ ፓኬቱ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሻሻለው ቀመር መሠረት ለአንድ ሊትር የሚዘጋጅ ኦ.አር.ኤስ. የሚከተሉትን ይይዛል፦

ሶዲየም ክሎራይድ 2.6 ግራም
ግሉኮስ 13.5 ግራም
ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5 ግራም
ትራይሶዲየም ሲትሬት 2.9 ግራም

እያንዳንዱን ለየሞሉ መጠነ ቁስ እናካፍል። ሶዲየም ክሎራይድ፦ 2.6 ÷ 58.5 ≈ 0.044 ሞል፣ ማለትም 44 ሚሊሞል ያህል። ግሉኮስ፦ 13.5 ÷ 180 = 75 ሚሊሞል። ፖታሲየም ክሎራይድ፦ 1.5 ÷ 74.5 ≈ 20 ሚሊሞል። ሲትሬቱ ከያዘው ውሃ ጋር የሞሉ መጠነ ቁስ 294 ግራም ስለሆነ፣ 2.9 ÷ 294 ≈ 10 ሚሊሞል ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጨው በውሃ ሲሟሟ አንድ ሆኖ አይቆይም፤ ወደ ሶዲየም አዮንና ወደ ክሎራይድ አዮን ይከፈላል። ስለዚህ አንድ የጨው አሃድ ሁለት ቅንጣት ይሰጣል። ሲትሬቱ ሦስት የሶዲየም አዮኖችና አንድ የሲትሬት አዮን ይሰጣል። ግሉኮስ ግን አይከፈልም። እንግዲህ ቆጠራው ሲጠቃለልና ሲጠጋጋ በአንድ ሊትር ውስጥ ሶዲየም 75፣ ክሎራይድ 65፣ ፖታሲየም 20፣ ሲትሬት 10፣ ግሉኮስ 75 ሚሊሞል ይሆናል። ድምሩ 245 ነው። ይህ ጠቅላላ የቅንጣት ብዛት በሚሊኦስሞል በሊትር ይገለጻል።

የሰው ደም ፈሳሽ ክፍል በዚሁ መስፈርት ሲለካ 290 ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አንባቢው ጎን ለጎን ይያዛቸው፦ 245 እና 290። ሙሙቱ ከደም በመጠኑ የቀጠነ ሆኖ የተዘጋጀው በአጋጣሚ አይደለም።

ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ሁለት ሙሙቶች ውሃን በቀላሉ በሚያሳልፍ፣ ሟሚን ግን በሚያግድ ስስ ሽፋን ሲለያዩ፣ ውሃ ከቀጠነው ወደ ወፈረው ወገን ይሄዳል። ይህ ክስተት ኦስሞሲስ ይባላል። የደረቀ ሽምብራ ውሃ ውስጥ አድሮ ሲያብጥ፣ ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ ውሃ ሲያወጣ የምናየው ይህንኑ ነው። ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ቀጭን ሙሙቶች በዚህ ረገድ እንደ ጋዝ ያለ ሕግ እንደሚከተሉ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘውም ከዚህ ሥራው በተያያዘ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦

የኦስሞሲስ ግፊት = የቅንጣት ጥንካሬ × የጋዝ ቋሚ × ፍጹም ሙቀት

ለፊዚክስ ተማሪ ይህ የቆየ ወዳጅ ነው፤ የጋዝ ሕግ ልብሱን ቀይሮ የመጣ ነው።

አሁን ካራቆሬ ላይ ሊሆን የነበረውን እናስላ። ያው ፓኬት በግማሽ ሊትር ቢበጠበጥ ሟሚው አልተለወጠም፤ ከታች ያለው ቁጥር ግን በግማሽ ስላነሰ ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል፦ 490። ከደሙ 290 ጋር ያለው ልዩነት 200 ሚሊኦስሞል በሊትር፣ ማለትም 200 ሞል በሜትር ኩብ ነው። የጋዝ ቋሚው 8.314፣ የሰውነት ሙቀት 310 ኬልቪን ነው። ስናባዛ 515,000 ፓስካል ገደማ እናገኛለን። ይህ አምስት የከባቢ አየር ግፊት ያህል ሲሆን፣ ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የውሃ ዓምድ ግርጌ ከሚገኘው ግፊት ጋር ይተካከላል። አቅጣጫውም ከደም ወደ አንጀት ነው።

በትክክል በአንድ ሊትር ሲበጠበጥ ደግሞ ልዩነቱ 45 ብቻ ሲሆን፣ ግፊቱ ከአንድ የከባቢ አየር ግፊት ብዙም አይበልጥም። ከሁሉ በላይ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል።

የአንጀት ግድግዳ ፍጹም ሽፋን አይደለም፤ ሶዲየምና ግሉኮስን ራሱ ስለሚቀበል ሙሉው ግፊት አይታይም። ስለዚህ 515,000 የሚለውን ቁጥር እንደ ላይኛ ወሰን እንጂ እንደ ልኬት መውሰድ አይገባም። የአቅጣጫው መለወጥ ግን ስሌቱ የሚነግረን እውነት ነው። ውሃ ያጣ ሕፃን የወፈረ ሙሙት ሲጠጣ ከቀረው ውሃ ላይ ጥቂቱን ወደ አንጀቱ ሊያጣ ይችላል፤ ወደ ደሙ የሚገባው ሶዲየምም ከሚገባው በላይ ይሆናል። የደም ሶዲየም ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የአንጎል ሴሎች ውሃ ያጣሉ፤ ይህ በሕፃናት ላይ ለመንቀጥቀጥና ራስን ለመሳት ሊያደርስ የሚችል አደጋ ነው።

ፓኬቱ በሁለት ሊትር ቢበጠበጥስ? ጥንካሬው ወደ 122 ይወርዳል፤ ውሃው ይገባል፤ ነገር ግን በተቅማጥ የወጣውን ሶዲየም ለመተካት በየሊትሩ የሚሰጠው በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ወደ ሁለቱም ወገን መሳት ይቻላል።

ሥልሳ ስድስት ቁጥር

ከላይ የተጠቀሰው የ2002 ማሻሻያ ምን እንደነበር ማየት የጉዳዩን ክብደት ያስረዳል። የቀድሞው ቀመር 3.5 ግራም ጨውና 20 ግራም ግሉኮስ የያዘ ሲሆን፣ ጥንካሬው 311 ነበር። ይህ ከደም በጥቂቱ የወፈረ ነው። ያም ሆኖ ያ ቀመር የሕክምናን ታሪክ ለውጧል። አንጀት ግሉኮስን ሲቀበል ሶዲየምን አብሮ እንደሚስብ አሜሪካዊው ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ካመለከተ በኋላ፣ ሐኪሞች በኮሌራ የተያዘ ሰው እንኳ በአፍ በሚሰጥ ሙሙት ሊድን እንደሚችል ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በስደተኞች መጠለያ ይህንኑ ሲጠቀም፣ 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ወደ 4 በመቶ አካባቢ ወረደ።

በዚህ ሁሉ ውጤት ላይ ሳሉ ነው ተመራማሪዎች ለዓመታት በብዙ ሕፃናት ላይ ጥናት አካሂደው 311ን ወደ 245 ያወረዱት። የቀጠነው ቀመር የተቅማጡን መጠን፣ ትውከቱንና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ቁጥር ስለቀነሰ ነው። ልዩነቱ 66 ነው። በአንጻሩ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ በመያዝ ብቻ የሚፈጠረው ልዩነት 245 ነው። የብዙ ዓመታት ምርምር ያስተካከለውን፣ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ስሕተት፣ አንድ ጠርሙስ ያፈርሰዋል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያስገረመኝ ይህ ንጽጽር ነበር።

ማቅጠን፦ ከጠንካራ ወደ ቀጭን

ተቅማጥን ከማከም መከላከል ይሻላል፤ በዚህም የምንገናኘው ከዚሁ ስሌት ጋር ነው። ሮቢ፣ ጀውሃና አጣዬ ወንዞች ከደጋው ገደል ተነሥተው ወደ ይፋት ቆላ ሲወርዱ በሐምሌና በነሐሴ አፈር ይዘው ይደፈርሳሉ። እንዲህ ያለውን ውሃ በቤት ውስጥ ለማከም ክሎሪን ይጨመርበታል። በማቅጠን ጊዜ የሟሚው መጠን አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሙሙቱ ይዘት ብቻ ነው። ስለዚህ፦

የመጀመሪያ ጥንካሬ × የመጀመሪያ ይዘት = የመጨረሻ ጥንካሬ × የመጨረሻ ይዘት

ለምሳሌ «ውሃ አጋር» በሚል ስም ሲሸጥ እንደኖረው ያለ መድኃኒት 1.25 በመቶ ክሎሪን ቢይዝ፣ ይህ በአንድ ሚሊሊትር 12.5 ሚሊግራም ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 2 ሚሊግራም በሊትር ለማግኘት 40 ሚሊግራም ያስፈልጋል፤ 40 ÷ 12.5 = 3.2 ሚሊሊትር። የደፈረሰ ውሃ ሲሆን መጠኑ እጥፍ ይደረጋል፤ ምክንያቱም በውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ከክሎሪኑ ጋር ተዋህዶ ጥቂቱን ያጠፋዋል። ከዚያም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የጨመርነው ጥንካሬና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚቀረው ጥንካሬ አንድ አይደሉም፤ ስሌቱ መነሻውን ይሰጣል፣ ቀሪውን ልኬት ይነግረናል። ሁለተኛ፣ የክሎሪን ሙሙት በሙቀትና በብርሃን ይደክማል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለወራት የቆየ ጠርሙስ፣ ጽሑፉ 1.25 ቢልም በውስጡ ያለው ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የተሠራበትን ቀን ማንበብ የስሌቱ አካል ነው።

በረኪናም እንዲሁ ነው። ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 0.5 በመቶ ለዕቃ ማጽጃ ለማዘጋጀት አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ይደረጋል፤ ድምሩ አሥር እጅ ነውና። «አንድ ለአሥር» ቢደረግ ድምሩ አሥራ አንድ ሆኖ 0.45 በመቶ ገደማ ይገኛል። እዚህ ላይ ስሕተቱ ትንሽ ነው። ስሕተት የሚመዘነው በመቶኛው ብቻ ሳይሆን በሚያስከትለው ነገር ጭምር ነው፤ ዕቃ ማጽጃ የሚታገሠውን ሕፃን አይታገሠውም።

ለአንባቢያን አንድ ጥያቄ

በሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ለአንድ ሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት በ400 ሊትር ሙሙት ተበጥብጦ እንዲረጭ ታዟል እንበል። በጀርባ የሚታዘለው መርጫው 16 ሊትር ይይዛል። በአንድ ሙሌት ስንት ሚሊሊትር ይጨምር? አንባቢው ቀጥሎ ያለውን ከማንበቡ በፊት ራሱ ይሞክረው።

1,000 ሚሊሊትር ለ400 ሊትር ሲካፈል 2.5 ሚሊሊትር በሊትር ይሆናል፤ ለ16 ሊትር 40 ሚሊሊትር ነው። ገበሬው «በአንድ መርጫ ሁለት ቆርኪ» ቢል ግን ጥያቄው ቆርኪው ስንት ሚሊሊትር ነው፣ መርጫውስ ስንት ሊትር ነው የሚለው ይሆናል። ቆርኪና ማንኪያ ሲለዋወጡ ጥንካሬው ሳይታወቅ ይለዋወጣል። የኬሚስትሪ ተማሪ ለቤተ ሰቡ ሊያበረክት ከሚችላቸው ነገሮች አንዱ የቤቱን ቆርኪ፣ ብርጭቆና ጆግ ይዘት በሚሊሊትር ለክቶ መጻፍ ነው።

ለእማማ የሚሰጥ መልስ

ካራቆሬ ላይ መልስ ላጣሁላቸው እናት አሁን ቢሆን እንዲህ እላቸው ነበር፦ «እማማ፣ አጥሚት ምግብ ነው፤ ሲወፍር ያጠግባል። ይህ ግን ምግብ አይደለም፤ ለልጁ ውሃ የሚመልስ ነው። ሲወፍር የሚሰጠውን ትቶ ከልጁ ይወስዳል።» ለረዳቱም፣ «መድኃኒቱ ዱቄቱ ብቻ አይደለም፤ ዱቄቱና አንድ ሊትሩ አንድ ላይ ነው» እለው ነበር።

በእጃችን ያለው ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ከሆነ ፓኬቱን በግምት ለሁለት መክፈል መፍትሔ አይሆንም፤ የተለያዩት ዱቄቶች በእኩል መከፈላቸው አይታወቅምና። ሁለት ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሰፊ ንጹሕ ዕቃ ገልብጦ ፓኬቱን በሙሉ መበጥበጥ፣ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን መድፋት፣ ሕፃኑ ከደከመና መጠጣት ካቃተው ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የተነሣው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ የታየው ወረርሽኝ ይህ ፓኬት በየቤቱ እንዲታወቅ አድርጓል። ፓኬቱ ታውቋል፤ በጀርባው የተጻፈው ሊትር ግን በየቤቱ ገና በትክክል አይነበብም። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ ዛሬ ማታ የቤቱን ጆግ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ለክቶ፣ ውሃው የደረሰበት ላይ በቀለም አንድ መስመር ቢያሰምርበት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይሟላል።